ዕረፍት ያጣ መሬት፦ የወለጋ እርሻና ምድር ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም፣ በአምቦ፣ በጌዶና በባኮ አልፎ ነቀምት የሚገባው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዛሬ ግራና ቀኙ በቆሎ፣ ጤፍና ባሕር ዛፍ ነው። መንገደኛው ይህን መልክ ከጥንት የነበረ አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ነገር ግን ከሦስትና ከአራት ትውልድ በፊት የወለጋ ደጋና ወይና ደጋ ሰፊ ክፍል ሳር፣ ረግረግና እንዲያርፍ የተተወ ማሳ ነበር። ዛፍ ላይ ጎጆ የማይሠሩ፣ እንቁላላቸውን ሳር ውስጥ መሬት ላይ ጥለው የሚታቀፉ ወፎች የኖሩት በዚያ መሬት ነው፤ ቆቅና ጅግራ፣ ድርጭት፣ ትናንሾቹ የረግረግ ወፎችና ረጃጅሞቹ ክሬኖች ሁሉ። የአገራችን የእርሻ ታሪክ ሲጻፍ ስለ በሬ፣ ስለ ርስትና ስለ ግብር ብዙ ይነገራል፤ ማሳው ከሰው ሌላ የማን መኖሪያ እንደነበረ ግን እምብዛም አይነሳም። እዚህ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። እነዚህ ወፎች ከወለጋ ገበሬ ጋር ለዘመናት አብረው የዘለቁት የሰዉ ቁጥር አነስተኛ ስለነበረ ብቻ አልነበረም፤ የእርሻው ሥርዓት ራሱ መሬትን የሚያሳርፍበት ጊዜ ስለነበረው ነው። ያለፉት መቶ ዓመታት ለውጦች፣ ምክንያታቸው የተለያየ ቢሆንም፣ ሁሉም ያንን ጊዜ አሳጥረውታል። መልሰን ልናገኘው የምንችለውም እሱኑ ጊዜ ነው።

ነገሩ በሳምንታት ሲሰላ ግልጽ ይሆናል። ጅግራ በቀን አንድ እያለች እስከ ደርዘን የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፤ መታቀፉ ደግሞ ከ26 እስከ 28 ቀን ይወስዳል። ከመጀመሪያው እንቁላል አንስቶ ጫጩት እስኪወጣ ያ ቁራጭ መሬት ለአንድ ወር ተኩል ያህል ሳይነካ መቆየት አለበት። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ በማግስቱ እናታቸውን ተከትለው ቢወጡም፣ መብረር እስኪችሉ የሚደበቁበት ሳርና የሚለቅሙት ነፍሳት ያስፈልጋቸዋል። የክሬኖች ጊዜ ከዚህም ይረዝማል። ባለዘውዷ ጥቁር ክሬን ሁለት ወይም ሦስት እንቁላል ጥላ አንድ ወር ገደማ ትታቀፋለች። ከአገጯ ሥር ጉትቻ የመሰለ ሥጋ የሚንጠለጠልባት ትልቋ ክሬን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ታሳድጋለች፤ እሱም ክንፉ እስኪጠና ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ይህን ከማረሻው የጊዜ ሰሌዳ ጋር እናስተያየው። የጤፍ ማሳ ከመዘራቱ በፊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይታረሳል፤ በአንዱ እርሻና በሚቀጥለው መካከል የሚያልፈው ጥቂት ሳምንት ነው። በቆሎ ከተዘራ በኋላም ሽልሽሎና አረም ይከተላሉ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው እርሻ መካከል የተጣለ እንቁላል ሳይፈለፈል ማረሻው ይመለስበታል። ስለዚህ በሚታረስ ማሳ መሐል ለጎጆ የሚበቃ ጊዜ የለም። ጎጆ የሚሳካው በማሳው ድንበር፣ ባረፈው መሬት፣ በግጦሹና በረግረጉ ነው።

የድሮው ሥርዓት ይህን ጊዜ ይሰጥ ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ምዕራብ የዘለቁት ሜጫ ኦሮሞዎች ከሁሉ በፊት ከብት አርቢዎች ነበሩ፤ እርሻው እየሰፋ ከሄደ በኋላም ከብት የሀብት መለኪያ ሆኖ ቆይቷል፤ ሆሮ የሚባለው የከብት ዝርያ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ አገር ነው። ከብት ላይ የቆመ እርሻ ሳርና ፍግ ይፈልጋል። ለሳሩ ሲባል ሰፋፊ ሜዳዎች ሳይታረሱ ይቀራሉ፤ ከፊላቸውም ካሎ ተብለው ለችግር ጊዜ ይከለላሉ። ለፍጉ ሲባል የከብቱ ማደሪያ በረት በየጊዜው ከማሳ ወደ ማሳ ይዛወራል። በረቱ ያደረበት መሬት ለጥቂት ዓመታት ይዘራበታል፤ ጉልበቱ ሲደክም ለሳር ይለቀቃል። በዚህ አካሄድ አንድ ቤተሰብ በየትኛውም ክረምት የሚያርሰው መሬት አለው፣ የሚያሳርፈውም አለው። የማረሻው ዝግታም የራሱ ድርሻ ነበረው። ገበሬው እርፉን በአንድ እጁ ይዞ፣ ጅራፉን በሌላው እያነሳ፣ ከበሬዎቹ ኋላ በሰው እርምጃ ይሄዳል። ቆቅ ከበሬዎቹ እግር ሥር ፍርር ብላ ስትነሳ ከየት እንደተነሳች ያያል። ቢፈልግ ቀንበሩን ገታ አድርጎ፣ ሞፈሩን አንስቶ፣ የሳሯን ቁራጭ ትቶ ማለፍ ይችላል። ድንጋይና ጉቶ የበዛበትን ጥግማ ሳይወድ በግድ ይተወዋል። በእርሻው ውስጥ የቀረው ይህ ያልተነካ ጥግ ሁሉ ተደምሮ የወፎቹ መራቢያ ነበር።

ድሮው ለወፍ ገነት አልነበረም የሚል ሰው ልክ ነው። ከብት ጎጆ ይረግጣል፤ እረኛ ያገኘውን እንቁላል ጠብሶ ይበላል፤ ቆቅና ጅግራ በወጥመድ ይያዛሉ፤ ሳር እንዲታደስ ሜዳው በበጋ ይቃጠላል። እነዚህ ጉዳቶች ግን በአንድ ነገር ከዛሬው ይለያሉ። የእረኛው እጅና የከብቱ ኮቴ አንዱን ጎጆ ሲያጠፋ ሌላውን ይስታል፤ እሳቱም አብዛኛውን ጊዜ ዝናብ ከመግባቱና ዋናው የመራቢያ ወቅት ከመጀመሩ በፊት ያልፋል። እንቁላሏ የጠፋባት ቆቅ ሳርና ሳምንታት እስካላት ድረስ ደግማ ትጥላለች። በሌላ በኩል ወፎቹን ያቆየው ባህሉና እምነቱ ነው የሚሉም አሉ። በወለጋ ሜጫ ኦሮሞዎች መካከል የኖሩት ቄስ ላምበርት ባርቴልስ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት የኦሮሞ እምነት ጥናት እንዳሳዩት፣ ሰፉ የሚባለው ሥርዓት ሰው ከሰው ብቻ ሳይሆን ከሌላውም ፍጥረት ጋር በልክ እንዲኖር ያዛል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ሆኖም መልካም ሐሳብ ብቻውን ጎጆ አይጠብቅም፤ መልካሙ ሐሳብ ሥራ ላይ የሚውልበት ያረፈ መሬት ሲኖር ነው የሚጠብቀው። ልቡ የሚራራ ገበሬ ዛሬም ሞልቷል፤ የሚተወው መሬት ነው ያጣው።

ዕረፍት ስል ደግሞ ማንኛውንም የእርሻ መቋረጥ ማለቴ አይደለም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ አገሪቱን የመታው የከብት በሽታ አብዛኛውን ከብት በፈጀ ጊዜ በብዙ ቦታ ማረሻ ቆመ፤ የተከተለው ረሃብ ክፉ ቀን ተብሎ እስከ ዛሬ ይታወሳል። ያኔ ዳዋ የዋጠው ማሳ ለአእዋፍ ተመችቶ ሊሆን ይችላል፤ የተገኘው ግን በሰው እልቂት ነው። እንዲህ ያለውን ባዶ መሬት መመኘት ነውር ነው። ልንማርበት የሚገባው ሰው ጠግቦ እየኖረ፣ እያረሰና እያረባ፣ በገዛ ሥርዓቱ መሬቱን ያሳረፈበት ዘመን ነው። ይህ ሥርዓት መናጋቱ በግልጽ ከታየባቸው ቦታዎች አንዱ ጮመን ነው።

በሆሮ ጉዱሩ፣ ከሻምቡ በስተ ምሥራቅ የጮመን ረግረግ ይገኛል። ቀድሞ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ከብት ይገባበት ነበር፤ በክረምት ውሃው ሲሞላ ከብቱ ወደ ዳር ይወጣ ነበር። ክሬኖችና የረግረግ ወፎች የሚራቡት በክረምት ስለሆነ ውሃው ራሱ አጥር ሆኖ ያገለግል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ግድብ ተጠናቆ ውሃው ሲተኛ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ መሬት ሐይቅ ሆነ፤ አብዛኛውም ረግረግና ግጦሽ ነበር። ግድቡ ለአገሪቱ በጊዜው 100 ሜጋ ዋት የሚደርስ ኃይል ሰጥቷል፤ ጥቅሙን የሚክድ የለም። ነገር ግን መሬቱን ውሃ የወሰደበት ገበሬ ማረሻውን ወደ ተዳፋቱ አወጣ፤ ከብቱም በቀረችው የሐይቅ ዳር ሳር ላይ ክረምት ከበጋ ተጨናነቀ። ቀድሞ በየወቅቱ ይፈራረቁ የነበሩት ከብትና ጎጆ በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ ተገናኙ። በኋላ የአመርቲ ወንዝ ተጠልፎ ወደ ሐይቁ ተጨመረ፤ በፊንጫ ሸለቆ የሸንኮራ አገዳ እርሻና ስኳር ፋብሪካ ተተከለ። እንዲያም ሆኖ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ለአእዋፍ ጠቃሚ የሆኑ 69 ቦታዎችን ሲመዘግብ የፊንጫና የጮመን ረግረጎች አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። የቀረው ዳርቻ አሁንም ዋጋ አለው ማለት ነው።

ግድብ ባልደረሰበት የወለጋ ክፍልም ዕረፍቱ በሌላ መንገድ ተሸረሸረ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ገበሬውን ከጭሰኝነት ነፃ አወጣ፤ ይህ በኢትዮጵያ ታሪክ ከታዩት ታላላቅ የፍትሕ እርምጃዎች አንዱ ነው። ሆኖም መሬት በየጊዜው እየተሸነሸነ ሲደለደል፣ ሳያርስ የተወው ማሳ ትርፍ መስሎ ይታይብኛል ብሎ የሚሰጋ ገበሬ መሬቱን ለማሳረፍ አይደፍርም ነበር። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር ከሁሉ የበለጠውን ቁጥር የተቀበለችው ወለጋ ናት። የአንገርና የዲዴሳ ሸለቆዎች ረጅም ሳርና ጫካ ለሰፈራና ለመንግሥት እርሻ ተመነጠረ፤ በመንግሥት እርሻው ላይ ትራክተር ገባ። ትራክተር ነጂ ከፊቱ የተነሳችውን ወፍ ቢያይ እንኳ ጎጆዋን ለይቶ የሚያልፍበት ፍጥነት ላይ አይደለም። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ 42 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የአገሪቱ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 73 ሚሊዮን አልፏል። ከአባት ለልጅ የምትካፈል መሬት እያነሰች ስትሄድ መጀመሪያ የምትጠፋው የምታርፈው ቁራጭ ናት። የቀረውን ግጦሽ ደግሞ ባሕር ዛፍ ወሰደው። ቡና የሚለማበት የጊምቢና የደምቢ ዶሎ አካባቢ ታሪኩ ሌላ ነው፤ እዚያ የቡናው ጥላ ዛፍ ብዙ የጫካ ወፍ አኑሯል፤ የሳር ወፎችን ግን አይጠቅምም።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ከትንሽ መሬት ብዙ ምርት ማግኘት ከተቻለ የቀረው መሬት ለተፈጥሮ ይተርፍ የለም ወይ? የባኮ ግብርና ምርምር ማዕከል ለዚህ ጥያቄ ዋና ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው ቢኤች 140 እና በ1993 የወጣው ቢኤች 660 የበቆሎ ዝርያዎች ከማዳበሪያ ጋር የምዕራብ ኢትዮጵያን ምርት በእጅጉ አሳድገዋል፤ ብዙ ቤተሰብ ከረሃብ ድኖበታል። ተቃውሞው ትክክል ቢሆን ኖሮ ከዚያ ወዲህ ያረፈ መሬት በዝቶ ማየት ነበረብን። የሆነው ተቃራኒው ነው። ማዳበሪያ በከረጢት ሲመጣ መሬትን በማሳረፍና በረት በማዛወር ጉልበት የመመለሱ ግዴታ ቀረ፤ በየዓመቱ መዝራት ተቻለ፤ በቆሎውም ገበያ ስላገኘ ተዘራ። ምርታማነት መሬት የሚያተርፈው የተረፈው መሬት እንዲያርፍ የወሰነ ማኅበረሰብ ሲኖር ብቻ ነው። ውሳኔው ከሌለ የተገኘው ትርፍ ሁሉ ተመልሶ ማሳ ይሆናል።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ክርክርም አለ። ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው የግብርና ፕሮግራምና ሌሎችም ያስተዋወቁት ሳያርሱ የመዝራት ዘዴ ማረሻን ስለሚያስቀር ጎጆን ያድናል ይባላል። በከፊል እውነት ነው፤ ያልታረሰ መሬት ላይ እንቁላል አይሰበርም። ነገር ግን ማረሻው የሠራውን የሚሠራለት ራውንዳፕ የተባለው ፀረ አረም ነው። በቆሎና ስንዴ ማሳ ላይ ቱ ፎር ዲ የተባለው ሌላ ፀረ አረም ሲረጭም እንዲሁ አረሙ ይደርቃል፤ ከአረሙ ጋር ዘሩና በአረሙ ላይ የሚኖሩት ነፍሳት ይጠፋሉ። የቆቅ ጫጩት በመጀመሪያ ሳምንታቱ የሚያድገው ደግሞ በነፍሳት ነው። ይህ ግምት አይደለም። ዲክ ፖትስ የተባሉት እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰሴክስ የግራጫ ቆቅን ሲያጠኑ፣ ወፏን ከማሳው ካጠፏት ዋና ምክንያቶች አንዱ ፀረ አረም መሆኑን አረጋግጠዋል። መርዙ ወፏን አልገደላትም፤ የጫጩቶቿን ምግብ ነው ያጠፋው። ጎጆ ተረፈ ማለት ጫጩት አደገ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ የለም።

ዕረፍትን መመለስ ይቻላል ለማለት ከእኛው አገር፣ ያውም ከዚሁ መንገድ ላይ ማስረጃ አለ። ከአዲስ ዓለም በስተ ሰሜን የበርጋ ረግረግ ይገኛል። ሳይንስ ሳሮትሩራ አይሬሲ የሚላት፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል የምትረዝም፣ ስትነሳ ብቻ የክንፏ ነጭ የሚታይ ትንሽ ወፍ በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የምትታወቀው በሱሉልታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 በርጋ ላይ ተገኘች። በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ባዘለው ሳር ውስጥ ጎጆዋን ከውሃው ጥቂት ከፍ አድርጋ ትሠራለች። በእነዚያው ወራት ከብቱ ወደ ረግረጉ ከገባ ሳሩ ያጥራል፣ ጎጆው ይረገጣል፤ ድርቆሹ ቀድሞ ከታጨደ መደበቂያዋ ይሄዳል። የአካባቢው ነዋሪዎች የወፍ ጥበቃ ቡድን አቋቁመው ከተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩ ጋር ተስማሙ፦ ከብት በመራቢያው ወቅት እንዳይገባ፣ ማጭድም ጫጩቶቹ ካደጉ በኋላ እንዲገባ። በደቡብ አፍሪካው ሚድልፑንት ትረስት ድጋፍ ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት ተሠራ። ወፏ ዛሬም በዓለም ላይ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት አንዷ ናት፤ የበርጋም ሳር ከግጦሽና ከመጠንፈፍ ጫና ነፃ አይደለም። ነገር ግን የተጠየቀው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ልብ እንበል። ገበሬው መሬቱን አልተነጠቀም፣ ከብቱን አልሸጠም፣ ድርቆሹንም አላጣም። የተጠየቀው ሳምንታት ነው። በርጋ ሸዋ ነው እንጂ ወለጋ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ዝናቡ፣ ከብቱ፣ ማጭዱና የካሎው ልማድ በጮመን ዳርቻም ያው ነው።

ሳምንታቱ ሳይሰጡ ሲቀሩ የሚሆነውን ደግሞ ከነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ያሳያል። በዚያ ሜዳ ላይ የምትኖር አንዲት የሳር ወፍ ሜዳው ከፊሉ ሲታረስ፣ ከፊሉ በከብት ብዛት ሲራቆት፣ ቁጥሯ አሽቆልቁሎ እ.ኤ.አ. በ2009 እጅግ ለመጥፋት በተቃረቡት መዝገብ ገባች፤ ከአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ የተመዘገበ የመጀመሪያው የወፍ ጥፋት እሷ እንዳትሆን የዓለም ባለሙያዎች ሰጉ። መድኃኒት ሆኖ የተሞከረው ምን ነበር? ነዋሪዎቹ ራሳቸው ካሎ ከለሉ። የአያቶች ሥርዓት ለከብቱም ሳር፣ ለወፏም መደበቂያ ሆኖ ተመለሰ። በስኮትላንድም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ኮርንክሬክ የምትባለው የድርቆሽ ሜዳ ወፍ በማጨጃ ማሽን ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1993 በመላው ብሪታንያ ወደ 480 ድምፅ የሚያሰሙ ወንዶች ብቻ ቀርተዋት ነበር። ገበሬዎች አጨዳውን አዘግይተው፣ ከመሐል ጀምረው ወደ ዳር እንዲያጭዱና ጫጩቶቹ እንዲያመልጡ ሲደረግ፣ በ2014 ቁጥሩ 1,200 አልፏል። እዚያም የተለወጠው የሥራው ጊዜና አቅጣጫ ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከገበሬው አፍ የሚወጣው ነው፦ ቆቅ የዘራሁትን በቆሎ ቆፍራ ትበላለች፤ ለምን ልጠብቃት? ቅሬታው እውነት ነው፤ በተዘራ ሰሞን ማሳ መጠበቅ ግዴታ ነው። ሆኖም የዘሩ ጥፋት የጥቂት ቀናት ነው፤ ወፎቹ ግን ለቀረው ክረምት ነፍሳትና የአረም ዘር ይለቅማሉ። አረምና ተባይ ለመከላከል ለመርዝ የሚወጣው ብር በየዓመቱ ሲጨምር፣ ይህን ሥራ በነፃ የሚሠራውን ፍጥረት አብሮ ማጥፋት ለገበሬውም ኪሳራ ነው። ልጆቹን ማብላት ያልቻለ ሰው ስለ ጎጆ እንዲያስብ ማንም አይጠይቀውም። የሚጠየቀው ከሚታረሰው መሐል ሳይሆን ከማይታረሰው ዳር ነው፤ ድንበሩ ላይ መርዝ እንዳይረጭ፣ የረግረጉ ሳር ከመስቀል በኋላ እንዲታጨድ፣ ከብቱ በክረምት ከውሃማው ሳር እንዲርቅ።

ለዚህ አዲስ ተቋም መፍጠር አያስፈልግም። በየወረዳው የተፋሰስ ልማት ሥራ በየበጋው ይሠራል፤ ከንክኪ ነፃ የተደረገ መሬትም በየቀበሌው አለ። ጉድለቱ የሚከለለው በብዛት የተራቆተው ተራራ መሆኑ ነው፤ ሜዳውና ረግረጉ ግን ሰፊ ጥበቃ አላገኙም። በሆሮ ጉዱሩና በምሥራቅ ወለጋ ያሉ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች በጮመን ዙሪያና በየወንዙ ዳር ያለውን ሳር በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ቢያስገቡ፣ አጭዶ መመገቡንም ጫጩት ከበረረ በኋላ ቢያደርጉት፣ ለከብቱም የበሰለ ሳር ይገኛል። የባኮ ማዕከልና በነቀምት የሚገኘው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዝርያ በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሰጠ ሲመዘግቡ፣ በዚያው ማሳ ድንበር ስንት ጎጆ እንደተሳካም ይመዝግቡ። ምርትና ጎጆ በአንድ መዝገብ ሲገቡ ዕረፍት የስንፍና ምልክት መሆኑ ይቀራል፤ የእርሻው አንድ የሥራ ደረጃ ሆኖ ይታያል። የወለጋ ገበሬ ይህን ከማንም አይማርም። አያቶቹ መሬት ሲያሳርፉ መሬት አልጣሉም፤ ለሚቀጥለው አዝመራ እያዘጋጁት ነበር፤ በዚያው ጊዜ ውስጥ ወፎቹም ልጆቻቸውን አሳድገዋል። መሬቱ ዛሬ ቢጠብም በዓመት ውስጥ ያሉት ሳምንታት አልቀነሱም፤ ከነሱ ጥቂቱን ለሳሩ መስጠት በእጃችን ነው።